ከ«በእንቲአነ» ወደ «በእንቲአየ»

በሰንበት ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ በቅዳሴ የምንደግመውን የእምነት ምስክርነት፣ አስተምሬያለሁ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት የወልድን አምላክነት የካደውን አርዮስን ያወገዙበትን ምክንያት፣ በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ 150ው አባቶች ስለ መንፈስ ቅዱስ ያጸኑትን ትምህርት፣ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» (በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ) የሚለው ሐረግ የትኛውን ክሕደት እንደሚዘጋ፣ ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅ እንኳ ሳልደናቀፍ እመልስ ነበር። ካመንኩት ውስጥ ሐሰት የሚባል አልነበረም። ነገር ግን የሌላ ሰው መዝገብ ይዞ ችሎት እንደሚቆም ጠበቃ፣ ጉዳዩን ጠንቅቄ ባውቀውም ፍርዱ እኔን የሚነካ አይመስለኝም ነበር። «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» የሚለውን የያዕቆብን ቃል ሳስተምርም ስለ ሌሎች እንደ ተጻፈ አድርጌ ነበር። እኔ እኮ መንቀጥቀጡም አልነበረኝም።

አንድ ዓመት በዕለተ ስቅለት እንደ ልማዴ ከጠዋት ጀምሬ ስሰግድ ዋልኩ። ከጎኔ የነበሩ አንዲት አሮጊት እናት ግንባራቸው አቧራውን በነካ ቁጥር «ለኔ ብለህ፣ ለኔ ብለህ» ይሉ ነበር። እኔ የሰገድኩትን እቆጥራለሁ፤ እርሳቸው አይቆጥሩም።

ወደ ማታ ካህናቱ ለጥብጠባው፣ የምእመኑን ጀርባ በወይራ መታ ለሚያደርጉበት ሥርዓት፣ ወይራ ይዘው ሲቆሙ ተራዬ ደርሶ አጎነበስኩ። ቄሱ «ልጄ፣ የምትናገረው አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ላወራው ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ፦ «በአባታችን ቤት ምክንያት ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመታችን ነው፤ እናታችን ታማ ሲደውልልኝ እንኳ ስልኩን አላነሣሁለትም።» ቄሱ ወይራውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉና «ይኸንንም ተሸክሞልሃል እኮ» አሉኝ፤ አርባ አንድ ስግደት አዘውልኝም ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

«ይኸንንም» ያሉት ነው የጣለኝ። የዓለምን ኃጢአት እንደ ተሸከመ ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ ያላነሣሁት ስልክ ከዚያ ሸክም ውስጥ እንዳለ ግን አስቤው አላውቅም።

በፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ «ዘበእንቲአነ ለሰብእ ወበእንተ መድኃኒትነ ወረደ እምሰማያት» (ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ ስለ መዳናችንም ከሰማያት የወረደ) ሲባል ድምፄ ተቆረጠ። ለካ ስንት ዘመን «ስለ እኛ» በሚለው ውስጥ ከሕዝቡ መካከል ተሸሽጌ ኖሬያለሁ። በግእዙ «በእንቲአነ» (ስለ እኛ) እና «በእንቲአየ» (ስለ እኔ) የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ከ«ነ» ወደ «የ» ለመድረስ እኔ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ይህን ስል ትምህርቱን ማቃለሌ አይደለም፤ ቃሉን ባልማረው ኖሮ በዚያ ሌሊት የሚይዘኝ ነገር ባልነበረ። ያ እንባ ሁልጊዜ እንደማይመጣም መናገር አለብኝ፤ ጸሎቱ እንደ ድሮው ደርቆ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው።

በዚያው ቀን ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጾም ፈታህ?» አለኝ፤ እኔም «ፈታሁ» አልኩት፤ ከዚያ ስለ ዶሮ ዋጋ አወራን። የቤቱን ነገር እስካሁን አላነሣነውም።