ከአላንዲ እስከ ፓንዳርፑር፦ ከዋርካሪዎች ጋር የተጓዝኩበት መንገድና የተማርኩት

በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ክረምቱ ገብቶ ገበሬው ዘሩን ዘርቶ እንዳበቃ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሂንዱ ምእመናን ቪታል ብለው የሚጠሩት አምላካቸው መቅደስ ወደሚገኝበት ወደ ፓንዳርፑር ከተማ በእግራቸው ይጓዛሉ። ጉዞው ዋሪ፣ ተጓዡ ዋርካሪ ይባላል። ከሰልፎቹ ሁሉ የታወቁት ሁለቱ ከፑኔ ከተማ አቅራቢያ የሚነሡ ሲሆን፣ አንዱ ከአላንዲ የቅዱስ ድንያኔሽዋርን፣ ሌላው ከዴሁ የቅዱስ ቱካራምን፣ እግራቸውን የሚወክሉ የብር ጫማዎች በበሬ በሚሳብ ሰረገላ ላይ አኑሮ ይወጣል። የአላንዲው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ይወስዳል። እኔ በፑኔ ለትምህርት በቆየሁበት ዘመን ይህንኑ ሰልፍ ተቀላቅዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

በመንገዱ ላይ ለብቻው መራመድ የሚፈልግን ሰው የሚከለክለው የለም። ዋሪን ከውስጥ ለማወቅ የፈለገ ግን ዲንዲ ወደሚባለው ማኅበር መግባት አለበት። ዲንዲ የራሱ አለቃ፣ የራሱ ድንኳንና ወጥ ቤት፣ ጓዝ የሚጭንበት የጭነት መኪና፣ ከሰረገላው ፊት ወይም ኋላ የተመደበለት ተራ ቁጥር ያለው ቡድን ነው። እኔን ያስገቡኝ በሰፈሬ የሚኖሩ ጡረተኛ አዛውንት ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔም «ካካ» እላቸው ነበር፣ አጎቴ እንደ ማለት። ወደ ዲንዲው አለቃ በወሰዱኝ ጊዜ ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን መሆኔን፣ ሃይማኖቴን የመለወጥ ሐሳብም እንደሌለኝ አስቀድሜ ተናገርኩ። አለቃው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እግርህ ደኅና ነው ልጄ?»

ለምግብና ለድንኳን የሚዋጣውን ገንዘብ ከፈልኩ፤ ሥጋና መጠጥ እንደማልነካ ቃል ገባሁ፤ ነጭ ልብስ፣ የዝናብ ላስቲክና እግሬን የለመደ አሮጌ ጫማ አዘጋጀሁ። አዲስ ጫማ ገዝተው የመጡ ወጣቶች ገና ከፑኔ ሳንወጣ ነጠላ ጫማ ፍለጋ ሲሯሯጡ ስላየሁ፣ ከእኔ በኋላ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሌላው ምክሬ፣ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ሰው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ከመነሣቱ በፊት ለራሱ ይወስን የሚል ነው። እኔ መዝሙሩን ከሰዎቹ ጋር እቀበል ነበር፤ በስግደት ጊዜ ደግሞ ከዳር ሆኜ በአክብሮት እቆም ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቀኑ ጎሕ ሳይቀድ ከውሃ ቦቴ ሥር በመታጠብ ይጀምራል። ሰልፉ ሥርዓት አለው፦ ከፊት ባንዲራ ያዦች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የናስ ጸናጽል የያዙ ዘማሪዎች በረድፍ በረድፍ፣ በመካከላቸው ከበሮ መቺው፣ ከዚያም ቪና የሚባለውን የክር መሣሪያ በትከሻው ያነገተው ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ቱልሲ የተባለውን የበሶብላ ዘመድ በማሰሮ ተክለው በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች። በመጀመሪያ ይህን ሁሉ እንደ ጥምቀት ሽኝት አድርጌ ለመረዳት ሞክሬ ነበር። ንጽጽሩ ብዙም አላስኬደኝም፤ በእኛ ዘንድ ሕዝቡ ታቦቱን ሲያጅብ ማንም በፈለገበት ሊቆም ይችላል፣ በዲንዲ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሰው ቦታና ድርሻ አለው፣ ከረድፉ ሲጎድልም ይታወቅበታል።

የሚዘመሩት መዝሙሮች አብሃንግ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው የአገሬው ማራቲ ነው። ድንያኔሽዋር በ1290 እ.ኤ.አ. ባጋቫድ ጊታ የተባለውን የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ትርጓሜ በማራቲ ግጥም በማቅረቡ፣ የሊቃውንት ቋንቋ በሆነው በሳንስክሪት ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ለገበሬውም ለሸክላ ሠሪውም ተከፈተ። አብረውኝ ከሚጓዙት መካከል ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች የቱካራምን ግጥሞች አንዱን ከሌላው እያያዙ በቃላቸው ሲያወርዱ መስማት በዚያን ጊዜ የተጀመረው ነገር እስከ ዛሬ መቀጠሉን ያሳያል። እኔ የማራቲ ችሎታዬ ከገበያ የማያልፍ ስለነበር፣ መጀመሪያ የያዝኩት የሁለቱን ቅዱሳን ስም እየደጋገመ የሚሄደውን አዝማች ነበር፦ «ድንያኖባ፣ ቱካራም»። ከፑኔ ወደ ሳስዋድ በሚወስደው በዲቬ ጋት ዳገት ላይ፣ ሰረገላውን ለመሳብ ተጨማሪ በሬዎች በሚጠመዱበት ስፍራ፣ የዚህ አዝማች ጥቅም ገባኝ። አንዱ ረድፍ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይቀበላል፤ ጸናጽሉ እርምጃውን ይቆጥራል፤ እግር የሚነሣው ሌላው ስለ ዘመረ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር።

በሂንዱ እምነት የነፍስ ታላቅ ግብ ደጋግሞ ከመወለድ መላቀቅ እንደሆነ በመጽሐፍ አንብቤ ነበር። በመንገድ ላይ ግን ካካ አንድ የቱካራም መዝሙር ቀስ እያሉ ተረጎሙልኝ፤ ገጣሚው አርነትንም ሀብትንም እንደማይሻ፣ የቅዱሳን ኅብረት ዘወትር ከተሰጠው ወደ ማኅፀን ተመልሶ ለመወለድ እንኳ ፈቃደኛ እንደሆነ ለአምላኩ ይናገራል። እንግዲህ ለዋርካሪዎች ኅብረቱ ወደ ሌላ ግብ የሚያደርስ መሣሪያ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ራሱ የሚፈለግ ነገር ነው። ጉዞው በየዓመቱ የሚደገመውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ኅብረት ሲባል ጠብ የለም ማለት አይደለም። ድካም፣ ዝናብና የውሃ ወረፋ ያለበት ቦታ ሁሉ ጭቅጭቅ አለ። ይህን የሚያስተናግዱበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ አስገረመኝ። ማታ ሰረገላው ከሰፈሩ ሲደርስ ዲንዲዎቹ ሁሉ በሰረገላው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ጸናጽሉና ከበሮው ጆሮ ያደነቁራል። ቾፕዳር የሚባለው በትር ያዥ የብር በትሩን ከፍ ሲያደርግ ያ ሁሉ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ቅሬታ ያለው ዲንዲ ብቻ ጸናጽሉን ማንኳኳቱን አያቋርጥም። በትር ያዡ ወደዚያ ሄዶ ጉዳዩን ያደምጣል፤ ካልተፈታ ጸሎቱ አይቀጥልም። ከዚያ የጠፋና የተገኘ ዕቃ ይነገራል፤ አንድ ምሽት ሰው ሠራሽ ጥርስ ባለቤቱን ሲፈልግ ሰምቻለሁ። የነገው መነሻ ሰዓት ታውጆም ጸሎቱ ይደረጋል። ቅሬታ ከአምልኮ በፊት የሚሰማበት ይህ ሥርዓት በየትኛውም ማኅበር ቢኖር እወዳለሁ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ላይ ሁሉም ሰው እርስ በርሱ «ማውሊ» (እናት) እየተባባለ፣ ሽማግሌው የወጣቱን እግር ለአክብሮት እየነካ መሄዱ፣ ካስት የሚባለው በትውልድ የሚወረስ የመደብ ልዩነት በታሪክ አልነበረም ያሰኛል ማለት አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው ገጣሚ ቾካሜላ «አይነኬ» ከሚባሉት ወገን በመሆኑ፣ የደረሳቸው መዝሙሮች ሲዘመሩ እርሱ ራሱ ግን ወደ መቅደሱ እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ መታሰቢያው ዛሬም ያለው ከመቅደሱ በር ውጭ ነው። ዛሬ ዳሊት ለሚባሉት ለእነዚሁ ወገኖች በሩ የተከፈተው ሳኔ ጉሩጂ የተባሉት የነጻነት ታጋይ በ1947 እ.ኤ.አ. የረሃብ አድማ ካደረጉ በኋላ ነበር። አብሮ መዘመር ልብን ያለሰልሳል፤ በር ለመክፈት ግን ሌላ ትግል አስፈልጓል።

ፓንዳርፑር ስንደርስ ወደ ጣዖቱ እግር የሚያደርሰው ወረፋ እጅግ ረጅም ነበር። ከዲንዲያችን ብዙዎቹ በቻንድራባጋ ወንዝ ታጥበው፣ የመቅደሱን ጉልላት ከሩቅ ተሳልመው ተመለሱ። ካካ ወረፋ ከያዙ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ፤ ቅር እንዳላላቸውም ከፊታቸው ታየኝ። ሙሉ ጨረቃ በምትሆንበት ቀን በጎፓልፑር ፈንዲሻና እርጎ ተደባልቆ ሰው ለሰው ይጎራረሳል፤ የዋሪው ፍጻሜም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሕዝብ በአውቶቡስና በባቡር ወደየቀዬው ይበተናል፤ እኔም እንዲሁ ተመለስኩ። ሰረገላው ግን ጥቂት ሰዎችን ብቻ አስከትሎ ያንኑ መንገድ በእግር ይመለሳል። ሌላ ዕድል ካገኘሁ መሄድ የምፈልገው በዚህ በመልሱ ነው፤ ሕዝቡ ከሳሳ በኋላ፣ ተቀባይ በሌለበት ዳገት ላይ መዝሙሩ እንዴት እንደሚያዝ ማየት እሻለሁ።