ክፍተቱን ሳያዩ የሞሉት ግድግዳ

የቤቴ ግድግዳ ድርብ ነው፤ በውጭኛውና በውስጠኛው ጡብ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ክፍተቱ የተተወው በከንቱ አይደለም፤ ዝናብ የመታው የውጭ ጡብ ውኃ ቢያሰርግ እንኳ ውኃው በጡቡ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ እንዲቀር ነው። እኔ ግን ቤቱ ሌት ሌት ስለሚቀዘቅዝ ክፍተቱን በሙቀት መከላከያ ሱፍ አስሞላሁት። ኮንትራክተሩ የላካቸው ሠራተኞች ጠዋት መጥተው በጡቦቹ መጋጠሚያ ላይ አውራ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች በሱ፣ ሱፉን በቱቦ እየነፉ አስገቡ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ፍጥነታቸውን አድንቄ መሸኘቴ አሁን ያሳፍረኛል።

ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ለቀናት ከጣለ በኋላ በመኝታ ቤቱ ልስን ላይ መዳፍ የሚያካክሉ እርጥብ ቦታዎች ብቅ አሉ። ተራርቀው የተሰለፉበት ሁኔታ ስላጠራጠረኝ በሜትር ለካሁ፤ ወደ ጎን 90፣ ወደ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህ ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያያይዙ የብረት ማሰሪያዎች የሚቀመጡበት የተለመደ ርቀት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

ኮንትራክተሩ መጥቶ ግድግዳውን ዳሰስ አደረገና፣ «ይህ የራሳችሁ ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት ነው፤ መስኮት ክፈቱ» አለኝ። ሱፉ ውኃ እንዳይመጥ ተደርጎ የተሠራ መሆኑንም ጨመረ፤ ይህኛው እውነት ነው። እርሱ ከሄደ በኋላ ቁራጭ የአሉሚኒየም ወረቀት በእርጥቡ ቦታ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቄ ሁለት ቀን ተውኩት። የቤቱ እንፋሎት ቢሆን ኖሮ ጤዛው ወደ ክፍሉ በዞረው ገጽ ላይ በታየ ነበር፤ የረጠበው ግን ከልስኑ ጋር የተጣበቀው ጀርባው ነው።

ሌላ ባለሙያ ጠርቼ ጥቂት ጡቦች ሲነሱ ነገሩ ሁሉ ገሃድ ወጣ። ቤቱ ሲገነባ ከግንበኛው ማንኪያ የወደቀው ስሚንቶ በማሰሪያዎቹ ላይ ተቆልሎ ደርቆ፣ ውኃው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ የሚሻገርበት ድልድይ ሆኗል፤ ሱፉ ደግሞ በዚያ ዙሪያ ተጠቅጥቆ፣ ቀድሞ አየር ያደርቀው የነበረውን እርጥበት አፍኖ ይዞታል። ከመስኮቱ በታች በአንጻሩ ጭብጥ ሱፍ እንኳ አልደረሰም፤ እዚያ ልስኑ ስለሚቀዘቅዝ ጥቁር ሻጋታ አብቅሏል። ከመሙላታቸው በፊት በአንዲት ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ቢያዩ ኖሮ የተቆለለውን ስሚንቶ ለማግኘት ደቂቃዎች ይበቁ ነበር። ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን ለጋዝ ማሞቂያው አየር የሚያስገባው ቀዳዳ በሱፍ ተደፍኖ መገኘቱ ነው፤ አየር ያነሰው እሳት የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል። ሥራው አለቀ ተብሎ ሲፈረም ይህን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ሳልጠይቅ ፈርሜያለሁ።

ሱፉን ማውጣት ከማስገባት እጅግ ይከብዳል። ከግርጌ ጡቦች ተነቅለው ከላይ በታመቀ አየር እየተገፋ፣ ከታች በመምጠጫ ይወጣል፤ የረጠበው ክፍል ግን እየተቋጠረ አስቸገረ፣ በእጅ እየተጎተተ ነው ያለቀው። ከዚያ ማሰሪያዎቹ ተጠረጉ፣ የተሰነጣጠቁት የውጭ መጋጠሚያዎችም እንደገና ተሞሉ። አሁን ክፍተቱ ባዶ ነው፤ ቤቱ እንደ ድሮው ይቀዘቅዛል፣ ልስኑ ግን ከሁለት ብርቱ ዝናብ በኋላም ደረቅ ነው።