ስንት ኢንች?

ከመቂ እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ያለውን መንገድ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ጉዳዬ ለግማሽ ሄክታር ሽንኩርት የሚሆን የውሃ ሞተር መግዛት ነበር።

ማታ ለገሃር አካባቢ አንድ ፔንሲዮን 900 ብር ከፍዬ ገባሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ መታጠቢያ ቤት የቆመው ባሊ ባዶ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ሲመጣ፣ ፎቅ ላይ ሰው ከፍቶ የተወው ቧንቧ እያስነጠሰ መፍሰስ ጀመረ። እስኪነጋ የዘጋው የለም። እኛ ጋ ያለ ተራው ውሃ ለቆ ያደረ ሰው በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ይቆማል።

በስታዲየም በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ወጣሁ። በኮሪደር ልማቱ የተተከለው ሳር ያምራል፣ አይካድም። ግን በቀትር፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አንድ ሠራተኛ ጎማ ይዞ አንዱን ቦታ ውሃ እስኪቋጥር ያጠጣል፤ ትርፉ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። እኔን ያስቆመኝ ሳሩ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው የስሌት ዘዴ የሰብል ሁሉ የውሃ ፍላጎት የሚነሳው 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለውና ውሃ ካልጎደለበት ሳር ነው። ሳሩ በቀን የሚያተነው ውሃ ከሙቀት፣ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከአየሩ እርጥበት ይሰላል፤ ከዚያ በየሰብሉ ቁጥር ይባዛል። ለአዲስ አበባ በጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብንይዝ፣ ለታጨደ የጌጥ ሳር በ0.9 ተባዝቶ 3.6 ይመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 100 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መደዳ በቀን 1,080 ሊትር ይበቃዋል። ባለጎማው ይህን ማን ነግሮት።

ወደ መርካቶ የወሰደኝ ባለታክሲ 600 ብር ብሎ 450 ላይ ቆመ። አሁንም ተበልቻለሁ።

ሱቆቹ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ኢንች?» ኢንች የሞተሩ አፍ ስፋት እንጂ የማሳው ጥማት አይደለም። አንዱ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ሞተር አውጥቶ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «በሰዓት 60 ሜትር ኩብ፣ 30 ሜትር ከፍታ» እያሳየ ይምላል። ሁለቱ አብረው አይገኙም። 60ው የሚገኘው ውሃው ሽቅብ ካልተገፋ ነው፤ 30 ሜትር ላይ ደግሞ ጠብ አይልም።

ሁለት ሱቅ አልፌ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ግን መጀመሪያ ወንበር ሰጡኝ። «ልጄ፣ ከውሃው እስከ ሞተሩ ስንት ሜትር ነው? ከሞተሩ እስከ ማሳውስ?» አሉ። ስነግራቸው «ሞተሩን ለውሃው አስጠጋው። መግፋት ይችላል፤ መሳብ ላይ ደካማ ነው። ወረቀቱ ሰባት ሜትር ቢልም እናንተ አገር ከባሕር ወለል ከፍ ስለሚል ያን ያህል አይስብም» አሉኝ። የመሳቢያው ጎማ መገጣጠሚያ ትንሽ አየር ካስገባም ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይመጣም። ውሃው እኔ ማሳ ድረስ ለሚገፋበት ከፍታ በሰከንድ 8 ሊትር ገመቱልኝ፤ በሰዓት 28.8 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው።

የቀረውን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠራነው። ለመቂ በጋ የሳሩ ትነት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ተያዘ፤ ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ ቁጥሩ 1.05 ስለሆነ በቀን 5.25 ሚሊ ሜትር። ዝናብ ቢኖር ይቀነስ ነበር። በቦይ ስናጠጣ ከለቀቅነው ሥሩ ጋ የሚደርሰው 60 በመቶ ግድም ነው፤ ለ0.6 ሲካፈል 8.75 ሚሊ ሜትር። በሄክታር 87.5፣ በግማሽ ሄክታር ወደ 44 ሜትር ኩብ በቀን። ለሞተሩ የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው።

ግን በየቀኑ አይጠጣም። የእኛ ዓይነት መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት 140 ሚሊ ሜትር ያህል ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል። የሽንኩርት ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ 56 ይሆናል፤ ሽንኩርት ጥማት አይችልም፣ ሲሶው ሳያልቅ መመለስ አለበት። በ0.3 ሲባዛ 16.8፤ ለ5.25 ሲካፈል ሦስት ቀን። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ አራት ሰዓት ተኩል ማጠጣት። አሸዋማ ከሆነ ቀኑ ያጥራል፣ መጠኑም አብሮ ይቀንሳል። ገና እንደተዛወረ ደግሞ ቁጥሩ 0.7 ነው፤ ያኔ የራስ መቋጠሪያውን ያህል የሚያጠጣ ሰው ዩሪያውን ከሥሩ በታች አጥቦ ይሰዳል፣ የቤንዚኑም ኪሳራ አለ።

«8 ሊትሩንም ቢሆን እኔን አትመን» አሉኝ ሽማግሌው፤ 200 ሊትር በርሜል ማሳው ጫፍ አቁሜ ሰዓት እንድይዝ። በ25 ሰከንድ ከሞላ ልክ ነው፤ 40 ከፈጀ 5 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አራት ሰዓት ተኩሉም ሰባት ሰዓት ያልፋል።

ባለ 3 ኢንቹን ከእሳቸው ገዛሁ። ቃሊቲ ላይ ለጭነቱ 300 ብር ጠይቀውኝ 200 ከፈልኩ።