ሳተርን 5 እና የወንድሜ ቤት

ጆርጅ ሙለር በ1963 (እ.ኤ.አ.) የሰው የጠፈር በረራ ኃላፊ ሆኖ ናሳ ሲገባ፣ ሰውን ጨረቃ ላይ የማድረሱ ፕሮግራም አፖሎ እየተጓተተ ነበር። የጨረቃውን ሮኬት ሳተርን 5ን የሚሠራው የፎን ብራውን ቡድን ልማድ የሮኬቱን አንድ ደረጃ (በየተራ የሚነድ ክፍል) ሞክሮ ሌላውን መጨመር ነበር። ሙለር ግን ሙሉው በአንዴ ይሞከር አለ። አልተዋጠላቸውም። ሆኖም ሳተርን 5 በኖቬምበር 1967 ሦስቱንም ደረጃ ይዞ ተነሳ፤ ተሳካም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የአፖሎ ፕሮግራም ዳይሬክተሩ ሳሙኤል ፊሊፕስ ነው። ከሚኒትማን ሚሳይል ፕሮግራም መጥቶ ማንም ሳያስፈቅድ ዲዛይን እንዳይነካ አደረገ። አሰልቺ ወረቀት ነው፤ ግን አፖሎ ላይ የሚሠራ ወደ 400 ሺህ ሰው ያለዚያ እንዴት ይግባባል?

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ ወንድሜ ቤት የሚያሠራበት ቦታ ቆሜ ነው። ለሳኙ ኤሌክትሪሺያኑን ይጠብቃል። ኤሌክትሪሺያኑ ስልክ አያነሳም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ በማን ትእዛዝ እንደሆነ እንጃ፣ ወደ ሳሎን ዞሯል። ፎርማኑን ብጠይቀው «እኔም ዛሬ ነው ያየሁት» አለኝ።