ከነጭ የፕላስቲክ ሉህ የጠፈር መርከብ ስሠራ

ጠረጴዛዬ ላይ 43 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የጭነት የጠፈር መርከብ ቆማለች። ክፍሎቹ ተዘጋጅተው ከሚሸጡበት ከኪት ሳጥን የወጣች አይደለችም። ከነጭ የፕላስቲክ ሉህ ቆርጬ፣ አጣብቄና ሞርጄ የሠራኋት ናት። ንድፏም የራሴ ነው። ስምንት ወር ፈጅታብኛለች። ከዚህ ውስጥ ሦስቱ ወር የሄደው በኋላ አውጥቼ በጣልኩት የመጀመሪያ አካል ላይ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ ያ የተጣለው አካል ስለሆነ ዋናውን ታሪክ ከሱ እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል።

ሉሁ ስታይሪን ይባላል። የሞዴል አውሮፕላንና ታንክ ኪቶች የሚቀረጹበት ያው ፖሊስታይሪን ነው፤ ይሄኛው ጠፍጣፋ ሆኖ በተለያየ ውፍረት ይመጣል። እኔ የተጠቀምኩት ከ0.13 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያለውን ነው። በጣም የምወድለት አቆራረጡን ነው። ወፍራሙን በከተር እስከ ታች መቁረጥ አያስፈልግም። የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ትጭሩታላችሁ። ከዚያ በጭረቱ ላይ ወደ ኋላ ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሰው የሚሳሳተው ከተሩን ሲጫን ነው። ያኔ ምላጩ ከማስመሪያው ይሸሻል፣ ወይ ወደ ጣት ይሄዳል።

የተሰበረውን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ትገረማላችሁ። ከተር ፕላስቲኩን ቆርጦ አያወጣውም፤ ወደ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። የተገፋው ፕላስቲክ በጭረቱ ዳር እንደ ትንሽ ክትር ቆሞ ይቀራል። በዓይን አይታይም፤ ጣት ሲያልፍበት ግን ይሰማል። እሱን ሳታነሱ ሁለት ሉህ ብታጋጥሙ መሃላቸው ቀጭን ክፍተት ይቀራል፣ ማዕዘኑም ይሳታል። ስለዚህ የከተሩን ምላጭ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ጠርዙን አንድ ጊዜ እፍቀዋለሁ። ጸጉር የመሰለ ነጭ ክር ተጠቅልሎ ይወጣል። አሁን እጄ ሳላስበው ያደርገዋል።

ማጣበቂያው እንደ ውኃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። ሥራው ፕላስቲኩን ማሟሟት ነው። ሁለቱን ጠርዞች በደረቁ ታጋጥማላችሁ፤ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ አንድ ጠብታ ይዛችሁ መጋጠሚያውን ትነካላችሁ። ፈሳሹ ስንጥቁን ይዞ በራሱ ሽው ይላል። የሁለቱም ጠርዝ ይቀልጥና ይዋሃዳል፤ ፈሳሹ ተኖ ሲያልቅ አንድ አካል ይሆናል። በአጭሩ ብየዳ ነው። ትነቱ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ራስ እስኪያዞር መጠበቅ አይገባም።

«ተኖ ሲያልቅ» ያልኳትን ያዙልኝ። የመጀመሪያውን አካል የገደለችው እሷ ናት።

ጠንካራ እንዲሆንልኝ ብዬ እያንዳንዱን ጎን ሁለት የ1 ሚሊ ሉህ ደርቤ ነበር የሠራሁት። በሁለቱ መሃል ማጣበቂያውን ሳልሳሳ ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ መጽሐፍ ጫንኩበት። በማግስቱ ድንጋይ የመሰለ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሳጥኑን ዙሪያውን ዘጋሁ፣ መጋጠሚያውን ሞረድኩ፣ ጥቃቅን ነገሮችን መለጠፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጎን እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እሺ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የቆየ ፕላስቲክ አሁንም ለስላሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በስቱኮ እየሞላሁ፣ እየሞረድኩ ላድነው ታገልኩ። በሞላሁት ቁጥር ሌላ ቦታ ይጎድጉዳል።

በመጨረሻ ቆርጬ ከፈትኩት። የማጣበቂያው ሽታ ቡን ብሎ ወጣ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። በሁለት ሰፊ ሉህ መሃል የገባ ፈሳሽ መውጫው ጠርዙ ብቻ ነው። መሃል ላይ ያለው የት ይሂድ? እዚያው ሆኖ ፕላስቲኩን ከውስጥ ያለሰልሰዋል። ሳጥኑም ድፍን ነበር፤ ከመጋጠሚያው የተነነው ሁሉ ውስጡ ታፍኖ ቀርቷል። ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ ውጭ ውጭውን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሁለተኛውን አካል ከውስጥ ወደ ውጭ ሠራሁት። መጀመሪያ የጎድን አጥንት የምላቸውን ክፋዮች ከ1.5 ሚሊ ሉህ ቆረጥኩ። ሰባት ናቸው። በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ሲቆሙ 36 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ዋናውን አካል ይሸከማሉ። ሰባቱን አንድ በአንድ ለክቶ እኩል ማድረግ አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ። የሚሻለው ትንሽ አተልቆ መቁረጥ፣ ሰባቱንም ደራርቦ በፕላስተር ማሰር፣ ከዚያ እንደ አንድ ጡብ አብሮ መሞረድ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን የመስታወት ቁራጭ ላይ ለጥፌ፣ ጡቡን በላዩ እየገፋሁ በስኳድራ እያየሁ ሞረድኩ። ሲፈቱ ሰባት መንትዮች ሆኑ። እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ከሞተሩ ሥር ደግሞ ሁለት የ4 ሚሊ ቀዳዳዎች አሉ፤ ኖዝሉ፣ ማለትም የሞተሩ የኋላ አፍ፣ ስለሚጋርዳቸው ማንም አያያቸውም። መርከቧ የምትተነፍሰው በነሱ ነው። ሉህ መደረብ ግድ ሲሆን የውስጠኛውን ሉህ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ እበሳለሁ፤ ማጣበቂያውንም በነጠብጣብ ብቻ አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጎን አልጎደጎደብኝም።

ቀጥሎ በየጎኗ ሁለት ሁለት ሆነው የሚቆሙት አራቱ የነዳጅ ታንኮች መጡ። 60 ሚሊ ስፋት ያላቸውን ክቦች ቆርጬ በ0.5 ሚሊ ሉህ መጠቅለል ነበረብኝ። የክብ ዙሪያ እንዴት እንደሚሰላ ሁላችንም ተምረናል። 60 ሲባዛ በ3.1416፣ 188.5 ሚሊ። በጥንቃቄ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ጠቀለልኩ። ጫፍና ጫፉ አልተገናኘም። የ1.5 ሚሊ ክፍተት አፉን ከፍቶ ያየኛል። ደግሜ ለካሁ፤ ልኩ ልክ ነው። ደግሜ አሰላሁ፤ ሒሳቡም ልክ ነው።

የረሳሁት የሉሁን ውፍረት ነበር። ሉህ ሲጠቀለል የውጭ ፊቱ ይሳባል፣ የውስጡ ይጨማደዳል፤ ርዝመቱ የማይለወጠው መሃሉ ነው። ስለዚህ ማስላት ያለብን ክቡን ይዘን ሳይሆን የሉሁን መሃል ይዘን ነው። 60 ላይ 0.5 ሲጨመር 60.5፣ ዙሪያው 190.1 ሚሊ ይመጣል። የጎደለችኝ ያቺው ናት። በላዩ ሌላ የ0.5 ሚሊ ሉህ የሚጠቀልል ሰው 61.5 ብሎ አስልቶ 193.2 መቁረጥ አለበት። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

ሉሁን ደግሞ በግድ አትጠቅልሉት፤ ዕድሜውን ሙሉ ለመፈታት ይታገላል። ከምትፈልጉት ክብ በጠበበ ቧንቧ ላይ ጠቅልላችሁ እሰሩትና ከፈላ በኋላ ትንሽ የቆየ ውኃ አፍስሱበት። ፖሊስታይሪን በደንብ የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ውኃ ቅርጽ ያስይዘዋል እንጂ አያበላሸውም። በቀዝቃዛ ውኃ አብርዳችሁ ስትፈቱት ክቡን ይዞ ይቀመጣል።

የኋላው ኖዝል ሾጣጣ ነው፤ አፉ 60 ሚሊ፣ ጉሮሮው 30 ሚሊ፣ የጎኑ ርዝመት 50 ሚሊ። ሲዘረጋ የቀለበት ቁራጭ ይሆናል። በኮምፓስ 100 እና 50 ሚሊ ራዲየስ ያላቸውን ሁለት ቅስቶች ከአንድ ማዕከል አነሳሁና 108 ዲግሪውን ቆርጬ ወሰድኩ። አንግሉ የሚገኘው የአፉንና የጉሮሮውን ራዲየስ ልዩነት፣ ማለትም ከ30 ላይ 15 ተቀንሶ የሚቀረውን፣ ለ50 አካፍሎ በ360 በማባዛት ነው። ይሄኛው በመጀመሪያ ሙከራ ገጠመ፤ አስቀድሜ በወረቀት ስለሞከርኩት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ታንክ ሌላም ነገር አሳየኝ። መጋጠሚያውን ባጣበቅኩ ማግስት ሞርጄ አለሰለስኩት፤ በጣት ቢዳሰስ የማይገኝ ሆነ። ቀለም ቀባሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ሥር ጸጉር የመሰለች መስመር ብቅ አለች። ማጣበቂያው የነካው ቦታ ያብጣል። ሳይደርቅ እብጠቱን ሞርጃችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ፈሳሹ ሲወጣ ቦታው ይኮማተርና ጎድጎድ ይላል። አሁን አንድ መጋጠሚያ ሳይነካ አንድ ሳምንት ይቆያል። በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር እሠራለሁ።

ወደ ጥቃቅኑ ነገር ስደርስ በጣም ጓጉቼ ነበር። መርከቧ በ1 ለ 144 ምጥጥን የታሰበች ናት፤ እውን ብትሆን 62 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። የመጀመሪያ ሥራዬ በጎኗ የሰው መግቢያ በር መለጠፍ ነበር። በዓይን ግምት 20 ሚሊ የሚሆን ቆንጆ በር ቆርጬ፣ ጠርዙን በቀጭን ክፈፍ ከብቤ ለጠፍኩ። ራቅ ብዬ ሳያት መርከቧ ትንሽ ሆናለች። ምን ነካት?

በሩን አሰላሁት። 20 ሚሊ በ144 ሲባዛ 2.88 ሜትር ነው። የሚያይ ሰው ግን አያሰላም። በር ሲያይ በሐሳቡ 2 ሜትር ያደርገዋል፤ የቀረውንም ሁሉ በዚያ ይለካዋል። 2 ሜትር በ20 ሚሊ ማለት 1 ለ 100 ነው፤ 43 ሴንቲ ሜትሯ መርከብ 43 ሜትር ሆነች ማለት ነው። በአንድ በር 19 ሜትር መርከብ ጠፋብኝ። ፍቄ አነሳሁትና በ14 ሚሊ በር ተካሁት። ወዲያው ተነፋች። ከዚያ በኋላ ሰው የሚነካውን ነገር ሁሉ አስልቼ ነው የሠራሁት፤ የመሰላል እርከኖች በየ2 ሚሊው፣ የእጅ መደገፊያው ቁመት 7.6 ሚሊ። ሰው የማይነካው ነገር እንደፈለገ ይሁን። ሰው የሚነካው ግን ይመሰክራል።

የቀረው ቧንቧ፣ ሣጥን፣ ቆርቆሮ መሰል ልጣፍ ነው። ልጣፎቹ ከ0.13 እና ከ0.25 ሚሊ ሉህ የተቆረጡ አራት ማዕዘኖች ናቸው። ቧንቧዎቹ ሽቦና የተሳበ ፕላስቲክ ናቸው፤ የኪት ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበትን ፍሬም ቁራጭ በሻማ አሙቆ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ከአሮጌ የጦር ታንክ ኪቶችም ክፍሎች ወስጃለሁ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ ለፊልም የጠፈር መርከብ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከፕላስቲክ ኪቶች ክፍል እያነሱ ይለጥፉ ነበር፤ መንገዱ የተጠረገ ነው። ነገር ግን የታንክ ጎማ የታንክ ጎማነቱ ከታወቀ አለቀለት። ለሁለት ቆርጬ፣ ገልብጬ፣ ግማሹን በልጣፍ ሸፍኜ ነው የተጠቀምኩት።

መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እለጥፍ ነበር። አንድ ጎን በዚህ መንገድ ሞላሁ። ሲያዩት ያደክማል፤ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። አነሳሁትና በወረቀት ላይ መርከቧ እንዴት እንደምትሠራ ጻፍኩ። ነዳጅ ከታንክ ይወጣል፣ በፓምፕ ያልፋል፣ ሞተር ይገባል። ሙቀት ከሞተር ወጥቶ ወደ ማቀዝቀዣ ክንፎች ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቧንቧ መነሻና መድረሻ ኖረው። ፓምፑ አጠገብ ነገሩ ተጨናነቀ፣ ጭነት ክፍሉ ላይ ሰፊ ሜዳ ቀረ። ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው እኔ በጣም የምወደው ያ ሜዳ መሆኑ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ የምለው የለኝም። ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው ግራጫ ፕራይመር የተደበቀን ጥፋት ሁሉ ስለሚያወጣ ሦስት ጊዜ ቀብቼ ሦስት ጊዜ ሞርጃለሁ። በቀጭኑ የዘይት ቀለም የልጣፎቹን ዳር ከማጥቆራችሁ በፊት ግን ጥርት ያለ መከላከያ ቀለም ቀቡ። ሳልቀባ ጀምሬ ማቅጠኛው የተወጠረ ቀጭን ዘንግ ላይ ገባና ሰነጠቀው።

መጨረሻ ላይ ከበሩ አጠገብ 12 ሚሊ የምትሆን ሰው አቆምኩ፤ 1.75 ሜትር ቁመት በዚህ ምጥጥን እሱ ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ ሌንሱን ከሰውየው ራስ ጋር አስተካከልኩ። ከዚያ ቁመት ሲታይ ከአንድ ወር በላይ የደከምኩበት የላይኛው ጎን ጨርሶ የለም። የሚታየው የመርከቧ ሆድ ነው። ከግራው ታንክ የሚነሳው ቧንቧ በሰውየው ራስ ላይ አልፎ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ በዚያኛው በኩል ይወጣል፣ ከጎድን እስከ ጎድን ተጉዞ ሞተሩ ዘንድ ይደርሳል። ሰውየው ቀና ብሎ የሚከተለው ይመስላል።