የትኛው አበበ ከበደ?

ሐዋሳ ላይ ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምንሰጠው የዲጂታል ምርምር ሥልጠና የመጀመሪያ ጠዋት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ክፍት የትምህርት ሀብት ምንድን ነው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ምክረ ሐሳብ ምን ይላል፣ ሥራችንን ሌሎች በነፃ እንዲጠቀሙበት የምንፈቅድባቸው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ስንት ናቸው እያልን እስከ ሻይ ሰዓት እንደርሳለን። ከኋላ ያሉት አበሉ መቼ እንደሚከፈል ይንሾካሾካሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ክረምት ግን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አንድ የእፅዋት ሳይንስ ዶክተር ፕሮጀክተሩ ገና ሳይበራ እጃቸውን አወጡ። እውነተኛ ስማቸው ይቅርና በሶ በሚበላው አበበ ስም አበበ ከበደ እንበላቸው።

«እኔ እዚህ የመጣሁት ሌባ ተብዬ ነው» አሉ።

ኪሳቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አለ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ዕድገት አመልክተው ኮሚቴው ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ያላቸውን ገጽ ሲከፍት፣ በእንሰት አጠውልግ በሽታ ጥናቶቻቸው መሃል በእናቶች ጤና ላይ የተጻፉ የሌላ ሰው ጽሑፎች ተሰክተው አገኘ። ደብዳቤው «በስምዎ ስለተመዘገቡት ሥራዎች ማብራሪያ እንዲሰጡ» ይላል። ጨዋ አማርኛ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ምን ለማለት እንደተፈለገ አይጠፋውም።

«ዶክተር፣ ከፈቀዱ ገጽዎን እዚሁ እንክፈተው?»

«ክፈተው! የምደብቀው የለኝም።»

ከፈትነው። ጉግል ስኮላር ላይ የግል ገጽ ሲያበጁ አዳዲስ ጽሑፎች በራሳቸው ይጨመሩ ወይስ በኢሜይል ልጠይቅ ይላል። ዶክተሩ እንደ ብዙዎቻችን ሳያነቡ አልፈውት፣ በራሱ እንዲጨምር ሆኗል። ማሽኑ ደግሞ የሚያየው ስም ነው። የውጭ መጽሔቶች የኋለኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የፊተኛውን በአንድ ፊደል ስለሚያሳጥሩት አበበም፣ አልማዝም፣ አስቴርም «ከበደ፣ አ.» ይሆናሉ። ከእናቶች ጤና ጽሑፎች አንዱን ከፍተን የደራሲዎቹን ሙሉ ስም ስናይ ባለቤቷ ሴት ናት።

«ዶክ፣ አዋላጅም ነዎት ለካ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ትንሽ ቆይተው ነው። ምክንያቱም ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርደው የሌላ ሰው ሥራ ተጨምሮባቸው የራሳቸው ጎድሎባቸዋል። አገር ውስጥ መጽሔት ላይ የወጣው «አበበ፣ ከ.» ተብሎ፣ ሌላው የአያታቸው ስም ተጨምሮበት፣ ከገጻቸው ውጭ ቀርተዋል። በብዛት የተጠቀሰላቸው ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የተዘጋጀውን ስላይድ ማን ያስታውሳል? ሁሉም የራሱን ስም መፈለግ ጀመረ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጠራችኝ፤ ከአማካሪዋ ጋር ያሳተመችው ብቸኛ ጽሑፍ ሌሎች ሥራዎች ውስጥ ተጠቅሷል፣ በአባቷ ስም «እና ሌሎች» ተብሎ። «ጋሼ፣ አባቴ እኮ እስከ ዛሬ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው» አለችኝ። «አሁን ምሁሩ እሱ፣ 'ሌሎች' ውስጥ ያለሁት እኔ?» ማለት የፈለገችው ቀልድ ይሁን ቁጣ ለመለየት ይከብድ ነበር። በእርግጥ አጠቃቀሱ አማካሪዋን አስቀርቶ አባቷን ነው ያነሳው።

ስለዚህ ለሦስተኛው ቀን የተያዘውን ኦርኪድን (ORCID) ወደ ፊት አመጣነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ባለ16 አሐዝ መለያ ነው። ስም ቢመሳሰል ቁጥሩ አይመሳሰልም። እዚያ ላይ ያስጨነቅኩባቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሌሎች ስሞች የሚመዘገቡበት ቦታ አለ፤ እስከ ዛሬ የታተማችሁባቸውን አጻጻፎች በሙሉ እዚያ አስገቡ። ሁለተኛው፣ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ብቻ አታስመዝግቡ፤ ሥራ ስትለቁ እሱ ሲዘጋ የይለፍ ቃል የምታድሱበት መንገድ አብሮ ይዘጋል። ዋይፋዩ መሃል ላይ ጠፋና በስልክ ዳታ ጨረስነው።

ከሰዓት በኋላ ዞቴሮ የሚባለው የማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር ላይ ስንደርስ ዶክተሩ ከሁሉም ቀደሙ። የደራሲ ስም የሚሞላባቸው ሁለት ሳጥኖች ጎን ያለችው ትንሽ ምልክት ሁለቱን ወደ አንድ ትቀላቅላቸዋለች፤ «አበበ ከበደ» ተብሎ ሳይገለበጥ ይቀመጣል። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ሊቁን ባሕሩ ዘውዴን በካታሎጉ የሚያሰፍራቸው ባሕሩ ብሎ እንጂ ዘውዴ ብሎ እንዳልሆነ ስነግራቸው ብስጭታቸው አገረሸ። «ታዲያ አሜሪካ የሚያውቀውን የእኛ ኮሚቴ እንዴት አያውቅም?» መልስ አልነበረኝም። ኮሚቴዎች ሥልጠና ላይ አይመጡም።

የፈቃዶቹን ነገር ያነሳሁት በማግስቱ ነው፤ ያኔ ሰው አላዛጋም። ስድስቱም የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች የባለቤቱ ስም እንዲጠቀስ ያስገድዳሉ። የማስተማሪያ ሞጁልህን ለዓለም ክፍት አድርገህ ስምህ ከተገለበጠ፣ ምስጋናው የሚሄደው ለማታውቀው ሰው ነው። አሁን የሥልጠናው መጀመሪያ ስም ነው፤ ዩኔስኮ ከምሳ በኋላ ይደርሳል።

ዶክተሩ የኦርኪድ ገጻቸውንና የጽሑፎቹን የመጀመሪያ ገጾች አትመው ከማብራሪያቸው ጋር አስገቡ። ኮሚቴው ተቀብሏቸዋል፤ ዕድገቱ ግን እስከዛሬ ሴኔት አልደረሰም።

ከባልደረባዬ ጋር ያልጨረስነው ክርክር አለ። እሱ ለአዲስ ተመራማሪዎች ስማቸውንና የአባታቸውን ስም በሰረዝ አያይዘው እንዲያሳትሙ ይመክራል። እኔ አልስማማም፤ ፓስፖርቱ ላይ የሌለ ሰረዝ ለጉባኤ ቪዛ ሲጠየቅ ሌላ ጣጣ ነው እለዋለሁ።

«እስቲ መጀመሪያ ጉባኤው ይጥራቸው!» ይለኛል።