ማግኔቱ ሲቀንስ ያልቀነሰው ምልክት

የምሠራው አክሲኦን የተባለውን፣ እስካሁን ያልተገኘ ቅንጣት በሚፈልግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ቅንጣቱ የጨለማ ቁስ፣ ማለትም ብርሃን የማይሰጥና በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ፣ እጩ ነው። ከመዳብ የተሠራ ባዶ ክፍል ወደ ፍጹም ዜሮ እስኪጠጋ ይቀዘቅዛል፤ ዙሪያውን ብርቱ ማግኔት ይከበዋል። የፊዚክስ ሊቁ ፒየር ሲኪቪ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳየው፣ አክሲኦን በእንዲህ ያለ የማግኔት መስክ ውስጥ ወደ ማይክሮዌቭ ሞገድ ሊለወጥ ይችላል። እኛም ፍሪኩዌንሲውን ቀስ በቀስ እየቀየርን እንደ ሬዲዮ እናዳምጣለን።

አንድ ሌሊት ተረኛዋ ወጣት ተመራማሪ ከጫጫታው በላይ ጎልቶ የወጣ ቀጭን ምልክት አየች። ደጋግማ ለካችው፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጠዋት ስንገባ ሁላችንም ስክሪኑን ከበብነው። እንዲህ ያለው ጉጉት ሊናቅ አይገባም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ ኮማ በተባለው የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ሊያዙ በማይችሉበት ፍጥነት እንደሚጓዙ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1970 የአንድሮሜዳ ጋላክሲን አዙሪት ሲለኩም፣ በዳርቻው ያሉት የጋዝ ደመናዎች ፍጥነት እንደተጠበቀው አልቀነሰም። በዩኒቨርስ ካለው ቁስ 85 በመቶ ገደማው ምን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም። ከእጩዎቹ ሁሉ እኔ ለአክሲኦን አደላለሁ፤ የጎደለውን ግዝፈት ለመሙላት ተብሎ የታሰበ አይደለም፣ የተወለደው ከሌላ እንቆቅልሽ፣ ጠንካራው የኑክሌር ኃይል በቁስና በፀረ ቁስ መካከል ለምን እንደማያዳላ ከሚጠይቀው ነው።

የቡድናችን መሪ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። "የማግኔቱን መስክ በግማሽ ብንቀንሰው ምን ይሆናል?"

"አክሲኦን ከሆነ የምልክቱ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል" አለች።

"እንግዲያው ሳንለካ በፊት ሰሌዳው ላይ ጻፊው።"

ጻፈችው። ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ ማብራሪያ አያጣም፤ ትንበያው በሁላችን ፊት ተጽፎ ሲጠብቅ ግን መሸሻ የለም። ማግኔቱን ቀስ ብሎ ማውረዱ ሰዓታት ፈጀ። ምልክቱ ቅንጣት ታህል አልቀነሰም። ከውጭ ሾልኮ የገባ ሞገድ ነበር፤ አንቴና ይዘን ስንዞር ምንጩ በአጠገባችን ባለው ክፍል የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መሆኑን ደረስንበት።

መሣሪያው ከተከለለ በኋላ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ እንደገና ቃኘነው። ባዶ ነበር። መሣሪያችን ሊሰማው የሚችል አክሲኦን በዚያ ቦታ እንደሌለ መዘገብን፤ ለእኔ ይህ እውነተኛ ውጤት ነው፣ ፍለጋውን ያጠብባልና። አሁን አዲስ ተረኞችን የምታሠለጥነው ያቺው ተመራማሪ ናት፤ አጠራጣሪ ምልክት ሲገጥማቸው ከመለካታቸው በፊት ትንበያቸውን ታስጽፋቸዋለች።